«ጫጩቶቼን ማን ገደላቸው?»

ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩት ደብዳቤዎች እንደተለመደው አብዛኞቹ የፍቅር ናቸው። እሱ ሳይሰናበታት ሄደ፣ እሷ ከጓደኛው ጋር ካፌ ስትገባ ታየች፣ አንዱ ደግሞ የላከው ስጦታ ሳይከፈት ተመለሰለት... ብቻ ብዙ ነው። እናንተ ልባችሁ የተሰበረ ወገኖቼ አንድ ሳምንት ታገሡኝ። ዛሬ ቅድሚያ የሰጠሁት ጫጩት ለሞተባት ልጅ ነው። አትሳቁ! ደብዳቤዋን እስከ መጨረሻው ያነበበ አይስቅም። አራት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ፤ ስሟንና ሰፈሯን እንዳልጠቅስ የለመነችኝንም አክብሬያለሁ።

«ዕድሜዬ 23 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ከቤተሰቤ ጋር ነው። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር እንሞክር ተባባልን። የእቁብ ዕጣ ለእኔ ስለወጣ በዚያ ብር መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች ከቢሾፍቱ አስመጣን። ያመጣልን አንድ የምናውቀው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረሱ። ካርቶኑን ከፈት አድርገን ስናያቸው ሁሉም ደህና ነበሩ፣ ይንጫጫሉ። መንገድ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ ብለን እስኪነጋ በካርቶናቸው ተውናቸው። እንዳይበርዳቸው ብዬ በርና መስኮቱን ዘግቼ፣ ከሰል አቀጣጥዬ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ እዚያው ፍራሽ ዘርግተን አደርን። ጠዋት አውጥተን መኖ በሳህን፣ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አቀረብንላቸው። በመጀመሪያው ቀን አራት ሞቱ። በሁለተኛው ሰባት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ጥግ ላይ ተደራርበው ሃያ አገኘሁ። በጠቅላላው 31! ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጠን ሰጠን፣ ምንም አልረዳም። እናቴ የሰው ዓይን ነው ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ሻጩ በሽተኛ ጫጩት ነው የሰጣችሁ፣ ሄጄ አንገቱን ይዤ ብሩን አስመልሳለሁ እያለ ይዝታል። ጓደኞቼ ፊት ለፊት ባይናገሩም እኔን እንደሚወቅሱ ይገባኛል። ሌሊት አብሬያቸው የማድረው እኔ ነኛ! አሁን በቀረችን ብር ሌላ መቶ አዝዘናል። የሚመጡት የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ነው። እነዚህም ካለቁ ጓደኝነታችንም ያልቃል። እባክዎ፣ ጫጩቶቼን ማን ገደላቸው? የሚመጡትንስ እንዴት ላድናቸው?»

እህቴ፣ ስለ ጫጩት ከማውራቴ በፊት ስለ አንቺና ስለ ታናሽ ወንድምሽ ላውራ። በርና መስኮት ዘግተሽ፣ ከሰል አንድደሽ አደርኩ ያልሽውን ሳነብ ጸጉሬ ነው የቆመው። በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ ደግሞ በትንንሽ ፊደል «ጠዋት ጠዋት ራሴን ይፈልጠኝ ነበር፣ እንቅልፍ በማጣቴ መሰለኝ» ብለሻል። እንቅልፍ ማጣት ላይሆን ይችላል! ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ብዙዎቻችን «ጭሱ ወጥቶ፣ ፍሙ ከቀላ በኋላ ችግር የለውም» ብለን ነው ያደግነው። ውሸት ነው። ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ይኸንኑ ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ ሳይሰማው እንደተኛ ይቀራል። በየጊዜው «ከሰል አንድደው የተኙ ቤተሰቦች ሞተው ተገኙ» የሚለውን ዜና አንብበሽ ከንፈርሽን መጠሽ ይሆናል። እነሱም እንዳንቺው ብርድ ነው የሸሹት።

ለጫጩቶቹም ቢሆን የሚበጅ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ የሚገቡ ሠራተኞች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በጎጆ ይዘው ይወርዱ ነበር። ለዘፈኗ አይደለም። ትንሽ ወፍ ትንፋሿ ፈጣን ስለሆነ ጋዙ ከሰው ቀድሞ እሷን ይጥላታል፤ እሷ ስትወድቅ እነሱ ሮጠው ይወጣሉ። እንግዲህ አንቺ ክፍል ውስጥ መቶ እንደዚህ ያሉ ወፎች ነበሩ ማለት ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የከሰል ምድጃ አንድ ሰው ወይም አንድ ጫጩት ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ሌላውን ምክሬን ብትጥይው ብር ነው የምታጪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ማን ገደላቸው?

እኔ ነገሩን ለአንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄ አንብቤለት ነበር። «ጥግ ላይ ተደራርበው» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝና «በቃ፣ ይኸው መልሱ!» አለ። ጫጩት ሲበርዳት ሙቀት ፍለጋ ወደ ጓደኛዋ ትጠጋለች። ጓደኛዋም ወደ ሌላዋ። ክፍሉ ማዕዘን ካለው ሁሉም ወደዚያ ይገፋፋሉ፤ ኋላ የመጣችው የፊተኞቹ ጀርባ ላይ ትወጣለች። ከታች ያሉት በበሽታ ሳይሆን በጓደኞቻቸው ክብደት ታፍነው ይሞታሉ። የሦስተኛው ሌሊት ሃያዎቹ ይህ ዕጣ ነው የደረሳቸው። ከሰሉስ? ከሰልማ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉን ያግላል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አመድ ነው። ብርዱ የሚብሰው ደግሞ ያኔ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ትፈልጋለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውጪው ከአሥር ዲግሪ በታች ይወርዳል። ላባ የላትም፣ ለስላሳ ጸጉር ብቻ ነው ያላት። የራሷን ሙቀት በወጉ መቆጣጠር የምትጀምረው ከሁለት ሳምንት ወዲያ ነው። እስከዚያ ሙቀቷ አንቺ ነሽ።

የፊተኞቹ አሥራ አንዱስ? እነሱን በአብዛኛው የጨረሳቸው ጥማት ይመስለኛል፤ ያ በካርቶን ያደሩበት ሌሊት። ይህንን ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም «ደክሟቸዋል ይረፉ» የሚለው የደግ ሰው ሐሳብ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሠራዋል።

ጫጩት ከቅርፊቷ ልትወጣ ስትል የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዷ አስገብታ ነው የምትወጣው። ስንቋ ነው። በዚህ ስንቅ እስከ ሦስት ቀን፣ ማለትም 72 ሰዓት ገደማ ሳትበላና ሳትጠጣ ልትቆይ ትችላለች። እናት ዶሮ ዘግይተው የሚፈለፈሉትን እስክትጠብቅ ቀድመው የወጡት እንዳይራቡ የተሠራ ነገር ነው። የሰው ልጅ ይህችን ቀዳዳ አየና ጫጩት በመኪና፣ በባቡር፣ በአውሮፕላን መላክ ጀመረ። አሜሪካን አገር ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት በፖስታ ቤት ይላካል ብልሽ ታምኛለሽ? እውነት ነው።

ታዲያ ሰዓቱ የሚቆጠረው ቤትሽ ከደረሱበት አይደለም። ከተፈለፈሉበት ነው! መፈልፈያው ውስጥ እስኪደርቁ ይቆያሉ፣ ይመረጣሉ፣ ይከተባሉ፣ ይቆጠራሉ፣ ካርቶን ይገባሉ፣ ሹፌሩን ይጠብቃሉ። አንቺ ጋ ሲደርሱ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ አልፏቸው ይሆናል። ለዚህ ላይ አንቺ አሥር ሰዓት ጨመርሽበት። ሆዷ ውስጥ ምግብ ቢኖርም ሰውነቷ ውሃ እያጣ ነው። ውሃ ያጣች ጫጩት እግሯ ይደርቃል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትፈዛለች፤ ከፈዘዘች በኋላ ውሃ ብታቀርቢላት ሄዳ የመጠጣት አቅም የላትም። ስለዚህ የሞቱት በቀን ቢሆንም ነገሩ የተበላሸው ያን ማታ ነው።

ስለ ማን ገደላቸው ይበቃናል። ቅዳሜ የሚመጡት ይበልጡብኛል።

ዓርብ ማታ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። ሰው የማይተኛበት፣ ንፋስ በቀጥታ የማይገባበት፣ ግን አየር ያለው ክፍል ምረጡ። ካርቶን ገጣጥማችሁ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ አጥፋችሁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ክብ ሥሩ፤ ከፍታው አርባ ሃምሳ ሳንቲም ቢሆን ይበቃል። ክብ ያልኩሽ ለጌጥ አይደለም፣ ክብ ማዕዘን የለውም። መሬቱ ላይ አራት ጣት ያህል የአናጢ ፍቅፋቂ ወይም የተቆራረጠ የጤፍ ጭድ አንጥፉ። ደቃቁን ሰጋቱራ ተዉት፣ መኖ መስሏቸው ይበሉታል፤ አቧራውም ለትንፋሻቸው አይሆንም። ለመጀመሪያው ቀን ከላይ ወረቀት አንጥፋችሁ መኖውን እዚያ ላይ በተን ብታደርጉት ቶሎ ያገኙታል። ይህንን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ አልቀየምም፤ ብቻ ጨምድዳችሁ ዘርጉት። ልሙጥ ወረቀት ያንሸራትታል፤ እግሯ ግራና ቀኝ የተከፈተባት ጫጩት ደግሞ ቶሎ ካልታሰረላት አትቆምም። ከወረቀት ይልቅ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ባገኝ እመርጣለሁ። ሸካራ ነው፣ መኖም ይይዛል፣ ሲቆሽሽም ይጣላል።

ማሞቂያው አምፖል ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዘመኑ ቆጣቢ አምፖል ነው። ቆጣቢ የተባለው ሙቀት ስለማያባክን ነው፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ያንኑ ሙቀት ነው። ለጫጩት ተብሎ የሚሸጠው ቀይ የማሞቂያ አምፖል ካገኛችሁ እሰየው፤ ከጫጩቶቹ ጀርባ ሃምሳ ሳንቲም ያህል ከፍ ብሎ በሽቦ ይሰቀል። በኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ አታንጠልጥሉት! አንድ ቀን ጭዱ ላይ ቢወድቅ የሚቃጠለው ቤት የእናትሽ ነው። ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው ብዙ ሰዓት ቀድሞ ይብራ፤ አየሩ ብቻ ሳይሆን ጭዱም ይሙቅ። ቀዝቃዛ ጭድ ላይ የቆመች ጫጩት ከላይ አምፖል ቢኖራትም ከእግሯ ትቀዘቅዛለች። አምፖሉ የክቡ አንድ ጎን ላይ ይሁን፤ ሌላው ጎን ቀለል ያለ ሙቀት ይኑረው፤ የሞቃት ትሸሻለች፣ የበረዳት ትጠጋለች።

ስለ መንገዱ። ሹፌሩ ጥሩ ሰው እንደሆነ ጽፈሻል፤ ጥሩ ሰውም ቢሆን ንገሪው። በጠዋት ይጫንልሽ። ማታ የሚደርስ ጫጩት አትቀበሉ፤ ሌሊቱን ሳትተዋወቁ ነው የምታሳልፉት። ካርቶኑ ፖርቶ መጋላ ላይ አይውጣ፣ ከሻንጣ ሥር አይግባ፣ የጎኑ ቀዳዳዎች አይደፈኑ። አብዛኛው የጫጩት ካርቶን መቶ የሚይዝና በአራት የተከፈለ ነው፤ ክፍልፋዩ የተሠራው እንዳይደራረቡ ነውና ማንም «ቦታ ይብቃ» ብሎ እንዳያነሳው። ደግሞም ሹፌሩ ምሳ ልብላ ብሎ መስኮት ዘግቶ ፀሐይ ላይ እንዳይቆም! ብርድ በሰዓታት ይገድላል፣ የተዘጋ መኪና ሙቀት ግን በደቂቃዎች ነው። ከሦስታችሁ አንዳችሁ አብራችሁ ብትመለሱ ከሁሉም ይሻላል። የትራንስፖርቱ ዋጋ ከአምስት ጫጩት ሞት አይበልጥም።

ሲደርሱ ሻይ የለም፣ ወሬ የለም። ካርቶኑ በቀጥታ ወደ ሞቀው ክብ። አንድ በአንድ እየቆጠራችሁ አውጡ፤ እያንዳንዷን ስታወጡ አፏን ለቅጽበት ውሃው ጫፍ ላይ ነካ አድርጓት። አፍንጫዋ ሳይገባ፣ ምንቃሯ ብቻ። ውሃ ምን እንደሆነ የሚያሳያት እናት የላትም፤ ጥቂቶቹ ከቀመሱ ሌሎቹ እነሱን አይተው ይማራሉ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ስኳር ይሟሟበት። የስኳር ውሃ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው፤ አሳድራችሁ ብትሰጡ ይቦካል፣ ሆዳቸውን ያበላሻል። በኋላ ንጹሕ ውሃ ነው። ለመቶ ጫጩት ቢያንስ ሁለት የጫጩት ውሃ ማጠጫ ያስፈልጋል። ያ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ማድ ቤቱ ይመለስ! ገንዘብ ካጠረ ዝርግ የሸክላ ሳህን ውስጥ የታጠቡ ጠጠሮች ደርድሩና ውሃውን በጠጠሮቹ መሀል አፍስሱ። ጫጩት ባትሰምጥ እንኳ ከረጠበች ትቀዘቅዛለች፣ ከቀዘቀዘች ደግሞ ታውቂዋለሽ። የረጠበች ካየሽ በጨርቅ አድርቀሽ ከሙቀቱ አጠገብ አድርጊያት።

አንድ ሁለት ሰዓት ከጠጡ በኋላ መኖ። የጫጩት መኖ፣ ለጀማሪ የተዘጋጀው። የእንጀራ ፍርፋሪ አይሆንም።

ደካሞቹን ለብቻ ለዩ። አንዲት ትንሽ ካርቶን፣ ውስጧ ጨርቅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ። በየሩብ ሰዓቱ ከስኳር ውሃው አንድ ጠብታ በምንቃሯ ዳር። ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳታንቆረቁሪ፣ ሳንባዋ ይገባል። ከእነዚህ የተወሰኑት በሰዓታት ውስጥ ብድግ ብለው ይሮጣሉ፣ የተወሰኑት ይሞታሉ። በደንብ በተያዘ መንጋም በመጀመሪያው ሳምንት ከመቶ አንድ ሁለት መሞታቸው የተለመደ ነው። ሁለት ስለሞቱ አታልቅሱ፤ 31 ግን የተለመደ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቴርሞሜትር ካላችሁ በጫጩቶቹ ጀርባ ልክ ስቀሉት፤ ከሌላችሁም ግድ የለም፣ መቶ ቴርሞሜትር መሬት ላይ እየሮጠላችሁ ነው። አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፤ አምፖሉን ዝቅ አድርጉ ወይም ክቡን ከላይ በጆንያ በከፊል ሸፍኑ፤ ጆንያው አምፖሉን እንዳይነካ። ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ላይ ተለጥፈው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ብቻ ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ንፋስ እየገባ ነው፤ ተንበርክካችሁ እጃችሁን በነሱ ልክ አድርጋችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ። እንደ ልባቸው ተበታትነው፣ ግማሹ ሲበላ ግማሹ ሲተኛ፣ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ከሆነ በቃ፣ ተዉአቸው። በነገራችን ላይ የተኛች ጫጩት የሞተች ነው የምትመስለው! አንገቷን ዘርግታ፣ እግሯን ወርውራ በደረቷ ትነጠፋለች። ጀማሪ አርቢ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ሳይጮኽ አይቀርም።

ሌላም ዘዴ አለ። ጥቂቶቹን አንሥተሽ እግራቸውን ጉንጭሽ ላይ አስነኪ። እግሯ ከቀዘቀዘሽ እሷም ቀዝቅዛለች። ማታ ደግሞ ከአንገቷ ሥር፣ ከደረቷ በላይ ያለችውን የምግብ ከረጢት በጣትሽ ዳስሺ። ሞልታ ለስለስ ካለች በልታለች፣ ጠጥታለችም። ጠንካራ ከሆነች መኖ እንጂ ውሃ አላገኘችም። ባዶ ከሆነች ሁለቱንም አላገኘችም፣ ለደካሞቹ ክፍል ተዛወረች። በማግስቱ ከመቶው ዘጠና አምስቱ ሞልቶ ካገኘሽ ተነፍሺ።

«መብራት ቢጠፋስ?» ትይኛለሽ። ይጠፋል! የሚጠፋው ደግሞ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ነው መዘጋጀት። ሦስት አራት የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ትንሽ ጄሪካን፣ በቴርሞስ የተቀመጠ የፈላ ውሃ። ለጠርሙሱ ትንሽ ቀዝቃዛ ጨምረሽበት፣ ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ መሀላቸው አድርጊ፤ ሲበርድ ይቀየራል። ከሰል በሌላ ቤት ወይም በረንዳ ላይ ውሃ ማፍያ ይሁን፣ ሌላ ሥራ የለውም። መብራት በየዕለቱ ለሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ የጭድ ሣጥን የሚባል ነገር አለ። በጅማ የግብርና ኮሌጅ ተሞክሮ ለገጠር አርቢዎች ጥሩ ሆኖ የተገኘ ነው። ሣጥን ውስጥ ሌላ አነስ ያለ ማደሪያ ይሠራና በዙሪያውና በላዩ ጭድ ይጠቀጠቃል፤ ጫጩቶቹ የሚሞቁት ከራሳቸው ገላ በሚወጣው ሙቀት ነው፣ ጭዱ እንዳይወጣ ይይዘዋል። የአየር ቀዳዳ ግን እንዳይረሳ፤ ቁጥራቸውም በአንድ ሣጥን ሃምሳ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ለጓደኞችሽ አንድ ነገር ልበል፤ ጋዜጣውን አሳያቸው። እናንተ ሁለት ልጆች! ብሩ የሦስት ከሆነ ሌሊቱም የሦስት ነው። በወረቀት ላይ ተራ አውጡ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ስንት ሞተው እንዳገኘ ይጻፍ። አንዲት ልጅ ብቻዋን አድራ ጠዋት መጥታችሁ ሬሣ መቁጠር ሽርክና አይባልም።

ቴትራሳይክሊኑን በተመለከተ ወዳጄ ሐኪሙ ትንሽ ተቆጥቷል። ብርድና ጥማት በካፕሱል አይድንም። ፈንግልም ቢሆን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን አይነካውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። የሰውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ መስጠት ተሕዋስያኑን መድኃኒት ማለማመድ ነው፤ በኋላ የሚጎዳው ዶሮውንም እንቁላሉን የበላውንም ሰው ነው። ስትገዙ ሻጩን «ምን ክትባት ወስደዋል? ቀጣዩ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ተቀበሉ። ቀጣዩን በወረዳችሁ ያለ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይስጥላችሁ። ክትባቱ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ በዚያ ውሃ ውስጥ ክሎሪን እንዳይኖር፤ ክትባቱን ይገድለዋል።

በየቀኑ ደግሞ ኋላቸውን እዩ። ከመንገድ ድካምና ከብርድ በኋላ ኩሳቸው ፊንጢጣቸው ላይ ደርቆ ይደፍነዋል፤ የተደፈነባት ጫጩት ሆዷ ተነፍቶ ትሞታለች። በለብ ያለ ውሃና በጨርቅ አለስልሶ ማንሣት ነው። መጎተት የለም፣ ቆዳዋ ይላጣል። ከዚያ ማድረቅ።

ወንድምሽን አስቀምጪው። አንገት የማነቅ ጉዞ የሚያልቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ የፈልፋዩም ጥፋት ስለመሆኑ ማስረጃ የላችሁም። ፈልፋይ የሚጠየቅበት ነገር አለ፤ እትብቷ ሳይዘጋ የቀረ፣ ሆዷ ያበጠ፣ መጥፎ ሽታ ያላት፣ ዓይኗ ወይም እግሯ ከመጀመሪያው የተበላሸ ጫጩት ብዙ ከሆነ ጥያቄው ወደ እሱ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ በሹፌሩ ፊት ካርቶኑ ይከፈት፣ ይቆጠር፣ የሞተና የተበላሸ ካለ ፎቶ ይነሣ፣ በዚያው ሰዓት ለሻጩ ይደወል። በሦስተኛው ቀን የሚደወል ስልክ ክርክር ብቻ ነው።

እናትሽስ? በዓይን ጉዳይ አልከራከራቸውም። «ሰው አይያቸው» ካሉ ግን እሺ በያቸው! ጎረቤት ሊያይ በመጣ ቁጥር በጫማው የሌላ ቤት ዶሮ ኩስ ይዞ ይገባል። በር ላይ ቆመው ሰው ከከለከሉልሽ ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት የበለጠ ሠርተዋል። ደግሞም ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶሮ ስታስታቅፍ ያዩ ሰው ናቸው፤ አራስ ዶሮ ጫጩቶቿን መቼ ከክንፏ ሥር እንደምታወጣ፣ መቼ እንደምትሰበስብ ጠይቂያቸው። አምፖሉ የሚሠራው የሷን ሥራ ነው።

የቀሩት 69 ጫጩቶች ነገር አሳስቦኛል፤ በደብዳቤሽ ስለነሱ አልጠየቅሽኝም። አዲሶቹን ከነሱ ጋር እንዳትቀላቅዪ! ትልልቆቹ ሳይታመሙ የሚሸከሙት ተሕዋስ ለትንንሾቹ መርዝ ነው፤ ደግሞም ይረግጧቸዋል፣ ይነክሷቸዋል። ሌላ ክፍል ይሁኑ። ስትመግቡ መጀመሪያ ትንንሾቹን፣ ከዚያ ትልልቆቹን፤ ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ ስትመለሱ እጅ ታጥቦ፣ ጫማ ተቀይሮ። ትንንሾቹ የነበሩበትን ክፍል የሚጠቀሙ ከሆነ አሮጌው ጭድ ከግቢ ወጥቶ፣ ወለሉ በሳሙናና በበረኪና ታጥቦ፣ ደርቆ ይጠብቃቸው። ሁለት ሳምንት አለሽ፣ ዛሬ ጀምሪው።

ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሙቀቱን በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሳችሁ፣ ክቡንም እያሰፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ላባቸው ሲወጣ አምፖሉ በቀን ይጠፋል፣ በኋላም በሌሊት። ግን ከቀናት ይልቅ እነሱን እያያችሁ።

በሰባተኛው ቀን ስንት እንዳላችሁ ጻፊልኝ። ልባችሁ የተሰበረው ደግሞ ሳምንት፣ ተራችሁ ነው። ደህና ሰንብቱ።